የፈረመው ምን አይቶ ነው?

ከመካከላችን ብዙዎች ገና ልጅ ሳለን የቤታችን ኦዲተሮች ነበርን። ከባንክ የሚመጣው ደብዳቤ በዕብራይስጥ ስለሆነ እናትና አባታችን አያነቡትም፤ ከትምህርት ቤት እስክንመለስ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀናል። ቦርሳችንን ሳናወርድ “እስቲ ይህ ምን ይላል?” እንባላለን። በአሥር ዓመታችን “ሚኑስ” ምን ማለት እንደሆነ፣ የማሽካንታው ክፍያ ካለፈው ወር ለምን እንደጨመረ ለአባታችን አስረድተናል። የገባንን ተረጎምን፤ ያልገባንን ገመትን። ስንሳሳት የከሰሰን ሰው የለም። የስሕተቱን ዋጋ ግን ቤቱ ከፍሏል።

ይህን ያስታወሰን በዚህ ዓመት እዚህ አሽቀሎን፣ በእኛ በማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችና ሂሳብ አያያዝ በምትማር አንዲት ጓደኛችን መካከል የተነሣ ክርክር ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። ባንክ ሲዘረፍ ወይም ሲወድቅ፣ በየዓመቱ “ሂሳቡ ትክክል ነው” ብሎ የፈረመው ኦዲተር ካሳ ይክፈል ወይስ አይክፈል?

ጓደኛችን ለሙያዋ ተከራከረች። “ኦዲተር ፖሊስ አይደለም” አለችን። “እያንዳንዱን ወረቀት አያገላብጥም፤ ናሙና ወስዶ ነው የሚመረምረው። ለጠፋው ሼቄል ሁሉ የምንከሰስ ከሆነ ደካማ ባንክ የሚመረምር ሰው አይገኝም። የሚገኘውም ራሱን ለመከላከል ብቻ ይጽፋል።” እኛ ደግሞ እንዲህ አልናት፦ “ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው የባንኩን መዝገብ ማየት አይችልም። ማየት የሚችለው ተከፍሎት ካላየ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?” ክርክሩ በአንድ ቀን አላለቀም። በመጨረሻ ሁለታችንም ግማሽ እውነት ይዘን እንደነበር ተረዳን። ይህ ጽሑፍ የደረስንበትን ሐሳብ ለእናንተ ለማካፈል ነው። በአማርኛ የጻፍነውም ወላጆቻችን እንዲያነቡት ወይም ሲነበብላቸው እንዲሰሙት ብለን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ አገር እንጀምር። በሚያዝያ 2002፣ ብዙዎቻችን ገና ዳዴ በምንልበት ጊዜ፣ “ሀባንክ ለሚስሐር” ወይም የንግድ ባንክ የሚባል አንድ ትንሽ የእስራኤል ባንክ ወደቀ። ኤቲ አሎን የምትባል የባንኩ ሠራተኛ አምስት ዓመት ያህል ከደንበኞች ሂሳብ ወደ 250 ሚሊዮን ሼቄል አውጥታ ነበር። ገንዘቡ የሄደው ለወንድሟ የቁማር ዕዳ ነው። ፍርድ ቤት 17 ዓመት እስራት ፈረደባት። እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ጉዳዩን ያወጣው የባንኩ የውስጥ ተቆጣጣሪ አይደለም፤ የውጭ ኦዲተርም፣ ባንኮችን የሚቆጣጠረው የእስራኤል ባንክም አይደለም። ሴትዮዋ ራሷ ወደ ፖሊስ ሄዳ ተናገረች። በእነዚያ ዓመታት ባንኩ እንደማንኛውም ባንክ በየዓመቱ የተመረመረ ሂሳብ ማውጣት ነበረበት። ሂሳቡ ወጣ፤ ተፈረመ፤ ገንዘቡም መውጣቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ1999 የወጣው የእስራኤል የኩባንያዎች ሕግ፣ ኦዲተር የኩባንያው የሂሳብ ቁጥጥር ከባድ ጉድለት እንዳለበት ሲያውቅ ለቦርዱ ሊቀ መንበር እንዲያሳውቅ ያዛል። በሰጠው አስተያየትም ለኩባንያውና ለባለአክሲዮኖቹ ተጠያቂ ያደርገዋል። ልብ በሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ በስም የተጠሩት ኩባንያውና ባለአክሲዮኖቹ ናቸው። ደመወዟን ባንክ ያስቀመጠች የጽዳት ሠራተኛ እናታችን አልተጠራችም። እሷ ጉዳት ከደረሰባት በአጠቃላይ የቸልተኝነት ሕግ በኩል መንገዱን ራሷ መፈለግ አለባት። ወላጆቻችን ትተውት በመጡት አገር በ1960 የወጣው የንግድ ሕግ፣ ኦዲተር በጥፋቱ ለሚደርሰው ጉዳት ለማኅበሩም ለሦስተኛ ወገንም ተጠያቂ ነው ይል ነበር። ያ ሕግ በ2021 በአዲስ ተተክቷል፤ በተግባርም ስንቱን ሰው እንደጠቀመ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢያንስ ግን ከማኅበሩ ውጭ የሚጎዳ ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር።

ተጠያቂነት በእርግጥ ሥራን ያሻሽላል? ያሻሽላል ብለን እናምናለን፤ ማስረጃችን በአሜሪካ አላባማ የነበረው ኮሎኒያል ባንክ ነው። ባንኩ በነሐሴ 2009 ወደቀ። ከአንድ የቤት ብድር ድርጅት ጋር ለዓመታት በተሠራ ማጭበርበር፣ ሀብት ተብለው በመዝገብ ከሰፈሩት ብድሮች ብዙዎቹ የሌሉ ወይም ለሌላ የተሸጡ ነበሩ። የአስቀማጮችን ገንዘብ የሚዋሰው የመንግሥት ድርጅት የባንኩን ኦዲተር ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስን ከሰሰ። በ2017 መጨረሻ ዳኛዋ ኦዲተሩ ቸልተኛ እንደነበረ፣ ምርመራውንም ማጭበርበርን ለማግኘት እንዲያስችል አድርጎ እንዳላቀደው ፈረዱ። በ2018 የተወሰነው ካሳ 625 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2019 በ335 ሚሊዮን ተስማሙ።

በዚያ ፍርድ ውስጥ እኛን ተማሪዎችን ቀጥ አድርጎ ያስቀመጠን አንድ ነገር አለ። ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን የባንኩን አንድ ትልቅ ሀብት እንዲመረምር በአንድ ወቅት የተመደበው ገና ኮሌጅ ያለ ተለማማጅ ነበር። የእሱ አለቃ ጉዳዩ ከራሱ ደረጃ በላይ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ከአለቃው ደረጃ በላይ የሆነው ነገር ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ወደ ታች ወረደ፤ ተማሪ ላይ ወደቀ። ክሱ ባይኖር ይህን ማን ያውቅ ነበር? የፍርድ ቤት ጥቅም ካሳ ማስከፈሉ ብቻ አይደለም። “ፈራሚው ምን አየ? ማንን ላከ? ምን ጠየቀ?” ብሎ በአደባባይ ያስመልሳል።

አሁን ወደ ጓደኛችን ግማሽ እውነት እንምጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቁጠባና የብድር ተቋማት ሲወድቁ ክሱ በኦዲተሮች ላይ ዘነበ። በ1990 ላቬንቶል ኤንድ ሆርዋዝ የተባለው ትልቅ ድርጅት በክስ ብዛት ከስሮ ተዘጋ። በ1992 ኧርነስት ኤንድ ያንግ ከመንግሥት ጋር ለመታረቅ 400 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በጊዜው የነበረው አሠራር ከጥፋተኞቹ አንዱ ገንዘብ ካለው የሁሉንም ድርሻ እሱ እንዲከፍል ያስችል ነበር። ሌባው ከስሯል፤ ኦዲተሩ ግን ኢንሹራንስ አለው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል። በ1995 ሕጉ ተለውጦ፣ አውቆ ያላጠፋ ሰው በአክሲዮን ክሶች ላይ በጥፋቱ ልክ ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። በ2002 ደግሞ አርተር አንደርሰን ከኤንሮን ጉዳይ በኋላ ሲፈርስ፣ በዓለም ላይ አምስት የነበሩት ግዙፍ የኦዲት ድርጅቶች አራት ሆኑ። ትልቅ ባንክ ኦዲተር ልቀይር ቢል ምርጫው እጅግ ጠባብ ነው። ተቆጣጣሪውም አንዱን አጥብቆ ለመቅጣት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሦስት ቢቀሩስ?

ከመጠን ያለፈ ፍርሃት ኦዲተሩን የበለጠ እንዲያይ አያደርገውም። የበለጠ እንዲጽፍ ነው የሚያደርገው። “በተሰጠን መረጃ መሠረት”፣ “አስተዳደሩ እንዳረጋገጠልን” የሚሉ ሐረጎች ይበዛሉ። ሪፖርቱ ይወፍራል፤ ዓይኑ ይከሳል።

በሌላው ጫፍ ጀርመን አለች። እዚያ ሕጉ ኦዲተር በቸልተኝነት የሚከፍለውን ካሳ ይገድባል፤ ለትልልቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች ጣሪያው 4 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በ2020 ዋይርካርድ የተባለው የክፍያ ኩባንያ፣ የራሱ ባንክ ጭምር የነበረው፣ በመዝገቡ ላይ ያለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ በቦታው እንደሌለ ታወቀና ወደቀ። ኦዲተሩ ኧርነስት ኤንድ ያንግ ነበር። ገንዘቡ ተቀምጦበታል የተባለውን የሲንጋፖር ባንክ በቀጥታ ሳይጠይቅ፣ በሌላ እጅ የመጣ ወረቀት ተቀብሎ እንደነበር ጋዜጦች በወቅቱ ጻፉ። በ2021 ጀርመን ጣሪያውን ወደ 16 ሚሊዮን ከፍ አደረገች፤ ከባድ ቸልተኝነት ላይም ለእንደነዚህ ያሉ ኩባንያዎች ጣሪያውን አነሣች። በ2023 የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ድርጅቱን 500,000 ዩሮ ቀጣው፤ ሕዝብን የሚመለከቱ ኩባንያዎችን እንደ አዲስ እንዳይመረምርም ሁለት ዓመት ከለከለው። 1.9 ቢሊዮን የት፣ 4 ሚሊዮን የት?

ይህን ሁሉ ስናወራ አንዳችን “ይሄማ የእቁብ ዋስ ነገር ነው” አለ። እውነቱን ነው። ወላጆቻችን እቁብን ይዘው ነው የመጡት። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ ምንም የማይጠየቅ ከሆነ ማንም ለማንም ዋስ ይሆናል፤ እቁቡም ይፈርሳል። ዋሱ ያለ ልክ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ ሰው ዋስ የሚሆነው ለሀብታም ዘመዱ ብቻ ነው፤ ዋስ በጣም የሚያስፈልገው ድሀ ዕጣው ወጥቶለት ቆሞ ይቀራል። የእቁብ ዳኞች ይህን ያለ ሕግ ትምህርት ያውቁታል። የእስራኤል ሕግም ዘግይቶ ደርሶበታል። በማሽካንታ ዘመን ጎረቤት ለጎረቤት፣ ወንድም ለወንድም ዋስ ሆኖ ፈርሞ ስንት ቤት ታመሰ። በ1967 የወጣው የዋስትና ሕግ በኋላ ሲሻሻል ተራውን ዋስ መጠበቅ ጀመረ፤ ባንኩ ወደ እንዲህ ያለ ዋስ ከመሄዱ በፊት ዋናውን ተበዳሪ መከታተል አለበት። ዋስትና አልተሻረም፤ ልክ ተበጀለት።

አሁን ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካውን ነገር እንናገር። ጓደኛችን ኦዲተሮች ለባንክ ደንበኞች ስለሚልኩት የማረጋገጫ ደብዳቤ አስረዳችን። ኦዲተሩ ከደንበኞች ጥቂቶችን መርጦ “በመዝገቡ ላይ ያለህ ገንዘብ ይህን ያህል ነው፤ ትክክል ነው?” ብሎ ይጽፋል። ደብዳቤው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትክክልም ቢሆን ስሕተት መልስ ይጠይቃል። ሁለተኛው “ካልተስማማህ ብቻ መልስ” ይላል። በሁለተኛው መልስ ያልመጣ እንደሆነ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ሙያው ራሱ ይህ ሁለተኛው ደካማ ማስረጃ እንደሆነ ያውቃል፤ የሚፈቅደውም ስጋቱ ዝቅተኛ ሲሆንና ደንበኛው ደብዳቤውን ቸል እንደማይል ሲታሰብ ነው።

ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። የእናቶቻችን ፖስታ የት እንደሚገባ እናውቃለና። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ልጁ ከጦር ሠራዊት ለሻባት እስኪመጣ። ያልተነበበ ደብዳቤ ዝም ይላል። ከመንገድ የቀረ ደብዳቤም ዝም ይላል። ዝምታ ወርቅ ነው ተብለን አድገናል፤ ባንክ ቤት ግን ያ ዝምታ ፊርማ ሊሆን ይችላል።

በእኛም ሙያ ይህ አለ፤ ስለዚህ ድንጋዩን ወደ ኦዲተሮች ብቻ አንወረውርም። የተግባር ልምምድ ባደረግንበት አንድ ቢሮ ስለ አንዲት እናት የተጻፈ ሪፖርት አነበብን። “ቤተሰቡ አይተባበርም” ይላል። መሠረቱ ሦስት የተላኩ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ሦስቱም በዕብራይስጥ፤ ሦስቱም መልስ አላገኙም። በሩን ያንኳኳ የለም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ “ደብዳቤ መላካችን ፋይሉ ውስጥ ይኑር፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ወደ እኛ እንዳይመጣ” ነበር መልሱ። በኋላ ከእኛ ሁለቱ ሄደው በሩን አንኳኩ። እናትየዋ ቡና አፈሉ፤ ደብዳቤዎቹንም ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧቸው፤ አንዱም አልተከፈተም። “ልጆቼ፣ ጥፋት ሠርቼ የተጠራሁ መስሎኝ ፈርቼ ነው” አሉ። ባንኩ ዝምታን እሺታ ይለዋል፤ ቢሮው ዝምታን እምቢታ ይለዋል። ሁለቱም ጋ ሰውየው አልተጠየቀም፤ ሁለቱም ጋ ፋይሉ ሙሉ ነው።

ስለዚህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ሕግ ፈራሚን መጠየቅ ያለበት ስለ ደረሰው ጥፋት መጠን ብቻ ሳይሆን በዋናነት ስላላየው ነገር ነው። ማየት ሲችል ያላየ፣ መጠየቅ ሲገባው ያልጠየቀ ይክፈል፤ ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ጣሪያ አይኑረው። አይቶ፣ ጠይቆ፣ ጠርጥሮ፣ ብልህ ሌባ ያታለለው ግን በጥፋቱ ልክ ብቻ ይጠየቅ፤ የሌባውን ዕዳ አይሸከም። እንዲህ ከሆነ ከክስ የሚያድነው ብዙ መጻፍ ሳይሆን ብዙ ማየት ይሆናል። “ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር” የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለኦዲተር የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ዝምታ እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ይቅር። ቢያንስ ባንኩ ደንበኛው ዕብራይስጥ እንደማያነብ ሲያውቅ የማረጋገጫ ደብዳቤው መልስ የሚጠይቅ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በሩስኛ ይጻፍ። መልስ ካልመጣ ስልክ ይደወል። ወጪ ነው፤ እናውቃለን። ነገር ግን ያልጠየቀ ኦዲተር ፍርድ ቤት ቀርቦ “ደንበኛዋ አልተቃወመችም” ማለት እንደማይችል ቢያውቅ ስልኩን ያነሣል። ሕጉ ደግሞ አስቀማጩን በስሙ ይጥራው።

ጓደኛችን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አነሣች፤ መልሱንም እስካሁን አላገኘንም። “ዳኛው ከዓመታት በኋላ፣ ሌባው ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው የሚያየው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላል። እኔ ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሪፖርቱ ለነገ ሲፈለግ፣ ከመቶ ወረቀት መካከል ነው የምፈልገው።” እውነት አላት። ሁላችንም ነገ አንድ ወረቀት ላይ እንፈርማለን። እሷ በባንክ ሂሳብ ላይ፤ እኛ በሰው ልጅ ሕይወት ላይ። በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ ፈቃድ ሲሰጠን ተጠያቂነትንም አብሮ ይሰጠናል። የእኛ ፊርማ ልጅን ከቤቱ ሊያስወጣ ይችላል።

ስለዚህ በመካከላችን አንድ ልማድ ለመጀመር ተስማምተናል፤ እናንተም እንድትይዙት እንጠይቃለን። በምንጽፈው ሪፖርት ሁሉ ካየነው በተጨማሪ ያላየነውን እንጽፋለን። “እናትየዋን በቋንቋቸው አላነጋገርንም” ብለን እንጽፋለን። “ቤቱን አልጎበኘንም” ብለን እንጽፋለን። ይህ ከክስ ላያድነን ይችላል፤ እንዲያውም ሊያስከስሰን ይችላል። ግን የሚያነበው ሰው ፊርማችን የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል። ከደረጃችን በላይ የሆነ ሥራ ሲሰጠንም፣ እንደዚያ ተለማማጅ ዝም ብለን አንቀበልም፤ ወደ ላይ እንመልሰዋለን።

ሌላም ነገር አለ። ማኅበራችን በወር አንድ ማታ “የፖስታ ማታ” ቢያዘጋጅ እንላለን። ወላጆች መሳቢያቸውን ይዘው ይምጡ፤ የሂሳብ፣ የሕግና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች አብረን እንቀመጥ፤ ደብዳቤዎቹን እንክፈት። ጓደኛችን ለመጀመሪያው ማታ ተመዝግባለች። በአሥር ዓመታችን በግምት የሠራነውን አሁን ተምረን እንሥራው። ያልገባንን አንገምትም፤ “ይህ አልገባንም፤ ጠይቀን እንመለሳለን” እንላለን።

ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ ይላሉ እናቶቻችን። የሰው ገንዘብም የሰው ልጅም አደራ ነው። መሳቢያው እስከዚያው አይጠብቅ፤ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ፖስታ ክፈቱ።